አንበሳውን በማጉያ መነጽር የመረመርኩ ዕለት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና የኔን በሽታ ልናገር። የኔ በሽታ ሸክላ ነው። ገንቦና ማሰሮ ማለቴ አይደለም። ያ ጥቁሩ፣ ክቡ፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ የድሮ ዘፈን የሚዘፍነው ሸክላ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ ፊዚክስ ላስተምር ተመድቤ ቦንጋ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ሃያ ስድስት ሸክላ ሰብስቤአለሁ። አንዱንም ግን ሰምቼው አላውቅም። ማጫወቻ የለኝማ።

መርፌ ግን አለኝ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ «ይህን የማጫወቻ መርፌ ዛሬ ካልገዛኸው መቼም አታገኘውም» ቢለኝ ገዛሁት። ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ምሕረት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ታወራለች። «የኔ ባል በሬ ሳይኖረው ጅራፍ የገዛ ገበሬ ነው» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ ሊወስድ ጋብ ሲል፣ ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የመብራት እንጨት ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ያ እንጨት የከተማችን ጋዜጣ ነው። የጠፋ መታወቂያ፣ የሚከራይ ክፍል፣ ከቤት የወጣች ጥጃ፣ የአርባ ጥሪ፣ ሁሉም የሚነበበው እዚያ ነው። የዚያን ዕለቱ «የሐራጅ ማስታወቂያ» ይላል። የድሮው ሆቴል ባለቤት ከዓመት በፊት ዐርፈው ነበርና ስድስት ልጆቻቸው ሆቴሉን ዘግተው ዕቃውን ሊሸጡ ነው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ ብረት ድስት እያልኩ ወረድኩ። ዝናቡ ቀለሙን አጥቦት የፊደሎቹ እግር ወደ ታች ፈስሷል። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ቆምኩ። «አንድ ትልቅ ሥዕል፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ሣጥን ልዩ ልዩ ሸክላ።»

ሁለት ጊዜ በልቤ አነበብኩት። ሦስተኛውን ግን ድምፄን አውጥቼ ነው መሰለኝ፣ እንጨቱ ሥር ተሳፋሪ የሚጠብቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከመቀመጫው ብቅ ብሎ «መምህር፣ ዘመድዎ ነው የሞተው?» አለኝ። ለቅሶም የሚለጠፈው እዚያው ስለሆነ አልፈረድኩበትም። የዚያን ቀን ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት ነበር የማስተምረው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ሰሌዳው ላይ «የሸክላ ፍሰት» ብዬ መጻፌን እስክትነግረኝ ድረስ እየጻፍኩ ያለሁት ኤሌክትሪክ ይመስለኝ ነበር።

ዕቃው የሚታየው ሐሙስና ዓርብ፣ ሐራጁ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ እንደ ጨረስኩ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። በሸክላዎቹ ላይ ጭረት መኖር አለመኖሩን ልመረምር ብዬ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አንድ ማጉያ መነጽር ተውሼ ኪሴ ከትቻለሁ። ይህች መነጽር ናት በኋላ ጉድ የሠራችኝ። መነጽሯስ ምን ታድርግ፤ ጉዱን የሠራሁት እኔው ነኝ።

የተቀበሉኝ የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ ወይዘሮ ሠናይት ናቸው። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። የቦንጋን ጭቃ መፍራታቸው ያስታውቃል፤ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ አዲስ ቦቲ አድርገው ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ እንደ ልማዱ ሳይሆን ፀሐይ ወጥታለች። ዕቃው የተደረደረው ድሮ የሆቴሉ ባንድ ይጫወትበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ነው። በስተቀኝ ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር የሚሞላ የአንበሳ ሥዕል ተሰቅሏል። ሠዓሊው በሕይወቱ አንበሳ አይቶ እንደማያውቅ ከበሩ ጀምሮ ያስታውቃል። ጎፈሩ የአንበሳ ነው። ፊቱ ግን መንገድ ከጀመረ በኋላ የሆነ ነገር ቤት መርሳቱ ትዝ ያለው ሰው ፊት ነው።

አንበሳውን ትቼ ሣጥኑ ሥር ተንበረከክሁ። አንድ አንድ እያልኩ አገላበጥኳቸው። አንዳንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፣ የአንዳንዱን ሽፋን አይጥ በልታዋለች፤ ግን ሀብት ነው። ከሁሉም ሥር በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ሸክላ አገኘሁ። መሃሉ ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሆቴሉ ባንድ፣ ቦንጋ። ድምፅ አለሚቱ። አኮርዲዮን አዴሎ።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳችሁ። አባባ አዴሎ የሚስቴ አባት ናቸው። ዛሬ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቆርጡ፣ በቀን አሥር ቃል ከተናገሩ ብዙ አወሩ የሚባልላቸው ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው በዚያ ሆቴል አኮርዲዮን ይጫወቱ እንደነበር ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ። እሳቸው ግን አያነሡትም። አኮርዲዮናቸውን ባለቤታቸው በሞቱ ዓመት ለአንድ የጂማ ሰው ሸጠውታል። ባለቤታቸው ደግሞ አለሚቱ ነበሩ፤ የምሕረት እናት፣ የባንዱ ዘፋኝ። ምሕረት የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ዐረፉ። ሳሎናችን ውስጥ አንድ ፎቶግራፋቸው አለ። ማይክሮፎን ጨብጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ድምፅ ሊወጣ ሲል እዚያው ቀርተው። አንድ ቀን ምሕረት ያን ፎቶ እየወለወለች፣ «መልኳን ከዚህ ላይ ተማርኩት፤ ድምጿን ግን ከየት ልማረው?» አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። እኔ ግን አልረሳሁትም።

አሁን ያ ድምፅ መዳፌ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው በዚያች ደቂቃ ምን ያደርጋል? ይነሣል፣ ወይዘሮ ሠናይት ጋ ይሄዳል፣ «እሜቴ፣ ይህ የሚስቴ እናት ድምፅ ነው» ይላል። በቃ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ብልህ ሆንኩ። እግዚአብሔር ከድንገተኛ ብልህነት ይጠብቃችሁ። መፈለጌ ከታወቀ ዋጋው ይሰቀላል፣ ስድስቱ ወራሾችም «እንዲህ ያለ ቅርስ ከሆነማ» ብለው ያስቀሩታል ብዬ አሰብኩ። ቀና ስል ደግሞ በሩ ላይ ሐጂ ኑረዲን ቆመው ያዩኛል። ሐጂ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚሸጡ፣ ከስልጤ መጥተው እዚህ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ሰው አንድ ዕቃ ላይ ዓይኑን ሁለት ጊዜ ከጣለ ሦስተኛውን ሳይጥል ዋጋውን ይነግሩታል።

ሸክላውን ከሥር መልሼ ቀበርኩት። ጉልበቴን አራገፍኩ። ከዚያም ሣጥኑ ጨርሶ እንዳልታየኝ ሁሉ ወደ አንበሳው ሄድኩና ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ።

ከጭራው ጀመርኩ። ጭራውን፣ ታፋውን፣ ጎፈሩን በመነጽር ተራ በተራ አየሁ። ዓይኑ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ «እ-ህ» አልኩ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር የጻፍኩት «ስኳር፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ» የሚል ነው፤ ምሕረት ጠዋት ያዘዘችኝን። ሐጂ ኑረዲን ከጀርባዬ መጥተው ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። «ምንም የለውም፣ ሐጂ» አልኩና ደብተሬን ቶሎ ዘጋሁ። በዚህ ዓለም ላይ «ምንም የለውም» ብሎ ደብተሩን ቶሎ እንደሚዘጋ ሰው የሚያጓጓ ነገር የለም።

ዓርብ ጠዋት ጸጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ጸጉር አስተካካዩ የአንበሳው ዓይን ከወርቅ ነው የተሠራው አሉ፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ደግሞ ወሬው አድጎ ጠበቀኝ፦ በሥዕሉ ጀርባ የድሮ ዘመን ካርታ አለ። ሰኞ ዕለት በዘመዴ ሞት ሊያጽናናኝ የነበረው ባጃጅ ሹፌር በበኩሉ ሠዓሊው የውጭ ሰው እንደሆነና አገሩ ላይ ሙዚየም እንደተሠራለት ለተሳፋሪዎቹ ያስረዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ከተማችን ከዋጫ አንድ የቡና ነጋዴ መጣ፤ አዲስ ቤት ሠርቶ ለሳሎኑ ግድግዳ የሚሆን ነገር ሲፈልግ ወሬው ደርሶት ነው። አዳራሹ በሰው ተጨናነቀ። ሁሉም አንበሳው ፊት ተኮልኩሏል። አንዱ ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ነው የአንበሳውን ዓይን የሚያየው። እስቲ አስቡት፤ የአማቴ ድምፅ ላይ ቆሞ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። እቅዴ ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል፤ ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። ስለ አንበሳው የሚጠይቀኝ ሲመጣ ግራና ቀኝ አየሁና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ምንም አልናገርም» እል ጀመር። ይህን ባልኩ ቁጥር አንበሳው አንድ ጥርስ ያበቅላል።

ማታ ቤት ስገባ ምሕረት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ምሕረት ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የከተማውን ልጅ ግማሹን የተቀበለችው እሷ ናት። ዛሬ ምጥ ላይ ያለች ሴት ሳትቀር «ሲስተር፣ አንበሳው እውነት ነው?» ብላ እንደጠየቀቻት ነገረችኝ። ነገ ወደዚያ ሐራጅ መሄዴን አትከለክልም፤ ለማጫወቻ ያጠራቀምኩት ብር የራሴ ነው፤ ግን ያን አንበሳ ይዤ ከመጣሁ ከአንበሳው ጋር ሌላ ቤት እንደምከራይ እንዳውቀው አለች። ያን ጊዜም ልነግራት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሸክላውን ሳላገኘው ነግሬያት ባላገኘውስ? እናቷን ለሁለተኛ ጊዜ እንድትቀብር ማድረግ ነው። መብራቱን አጥፍቼ ጋደም አልኩ። እንቅልፍም አልወሰደኝም፤ እንደ በዓል ዋዜማ ሕፃን ሆኜ አደርኩ።

ቅዳሜ የሆቴሉ ግቢ ሞልቶ ጠበቀኝ። አጫራቹ ከተማው ውስጥ ሠርግ የሚመራ ሰው ነው። ልማድ ሆኖበት አንድ ፍራሽ በተሸጠ ቁጥር «እልል በሉ!» ይላል፤ ሰውም እልል ይላል። ገዢው እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ ፍራሹን ተሸክሞ ይወጣል። አልጋው፣ ማቀዝቀዣው፣ ድስቱ በእልልታ አለቀና ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ደረሰ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሠናይት ተነሡ።

ሰው ሁሉ ለሥዕሉ ያሳየውን ፍቅር እንዳዩ ተናገሩ። ትናንት ከእህት ወንድሞቻቸው ጋር በስልክ ተመካክረዋል። ሥዕሉን ለብቻ ቢሸጡት አሮጌው ማጫወቻና ሣጥኑ ፈላጊ አጥቶ ሊቀር ነው። ስለዚህ ሁሉም አብረው ይሸጣሉ። «አንበሳውን የወሰደ» አሉ ፈገግ ብለው፣ «ሸክላዎቹን በምርቃት ይወስዳል።»

ከተማው ሁሉ የሚፈልገውን አንድ ነገር ፈልገህ አምጣ ብትሉኝ እኔው ራሴ በማጉያ መነጽር የፈጠርኩት አንበሳ አለ። ያ አንበሳ አሁን የአለሚቱ ድምፅ ላይ ተኝቷል።

ሐራጁ ተጀመረ። ሐጂ ጠሩ። የዋጫው ነጋዴ ጨመረ። እኔም ጨመርኩ። እኔ ስጨምር ግቢው ውስጥ የንብ መንጋ የመሰለ ጉምጉምታ ተነሣ፤ መምህሩ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ሐጂ ወዲያው ከፍ አደረጉ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ እኔ ዝም ካልኩ ሸክላው ሊሄድብኝ ነው፤ እኔ ከጠራሁ ደግሞ ጥሪዬ ራሱ አንበሳው ወርቅ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል። ራሴን በራሴ የምጫረት ሰው ሆንኩ። የማጫወቻ ብሬ በአምስት ጥሪ አለቀ። ከዚያ የወር ደመወዜን ጠራሁ። ከዚያ ያልመጣውን ወር ጠራሁ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ምሕረት ናት፤ አላነሣሁም። እንዴት ላንሣ፤ እጄ ሽቅብ ነው።

ከጎረቤት አንዱ ደውሎላት ኖሯል። የግቢው በር ላይ ባጃጅ ቆመና ምሕረት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወረደች። ይህ አልበቃትም፤ ከኋላዋ አባባ አዴሎን ይዛ ነው የመጣችው። ከእሳቸው ቃል እንደማልወጣ ታውቃለቻ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አባባ አዴሎ ቀስ ብለው እስከ አጫራቹ ድረስ መጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይህ ልጅ የኔ ልጅ ነው» አሉ። «ጥሩ ልጅ ነው። ሰሞኑን ግን ደህና አይደለም። የጠራውን አትያዙበት።»

አጫራቹ «እልል» የምትል ቃል አፉ ላይ ደርሳ ሲውጣት አየሁት። በሕግ ፊት እንዳበድኩ ተቆጥሬ ብቀመጥ ኖሮ ከነደመወዜ በሰላም ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ሣጥኑ ግን ከሐጂ ሱቅ ወይ ከዋጫ ሳሎን አይመለስም። ተነሣሁ።

እብድ እንዳልሆንኩ፣ ግን ከእብድ እንደማልሻል ለሕዝቡ ተናገርኩ። አንበሳው ውስጥ ወርቅም ካርታም የለም፤ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ስኳርና ሳሙና ነው። ደብተሩን ገልጬ አሳየሁ። አንበሳውን የመረመርኩት ሣጥኑን እንዳታዩብኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞርኩና ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

«አባባ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሸክላችሁ አለ። የአለሚቱ ድምፅ አለ።»

አባባ አዴሎ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ያዙ። ልትቆጣኝ አንድ ክንድ ያህል የቀራት ምሕረት ባለችበት ቀረች። «የእማዬ?» አለች፤ ለኔ አይደለም፣ ለማንም አይደለም።

ወይዘሮ ሠናይት ሣጥኑ ዘንድ ሄዱና ጎንበስ ብለው ከሥር ፈለጉት። የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈታ አድርገው ጽሑፉን አነበቡ። ከዚያ አዩኝ። «ምነው ሐሙስ ዕለት ብትነግረኝ?» አሉ። «ያኔውኑ በእጄ አንሥቼ እሰጥህ ነበር።» ይህ ንግግር ያልመጣውን ወር ደመወዝ ከመክፈል በላይ አመመኝ። ሸክላውን ለምሕረት ሰጧት፤ ለእህት ወንድሞቻቸው የሚነግሩት እሳቸው እንደሆኑም በሕዝቡ ፊት ተናገሩ።

ቀሪው ዕቃ ምን ይሁን ተባለ። ወይዘሮ ሠናይት በሐሰት ወሬ የወጣ ዋጋ አልቀበልም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር አሉ። የዋጫው ነጋዴ ለግድግዳው መስታወት እንደሚሻለው ተናግሮ ወጣ። ሐጂ ኑረዲን ግን አልተነሡም። አንበሳው ውስጥ በእርግጥ ምንም እንደሌለ ደግመው ጠየቁኝ። ምንም እንደሌለ፣ ይቅር እንዲሉኝም ነገርኳቸው። ሐጂ ሥዕሉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሳስበው ከረምኩ» አሉ። «ለመድኩት።»

በመጀመሪያው ጥሪ ወሰዱት፤ ተጫራች አልነበረም። ማጫወቻውና የቀሩት ሸክላዎች ሁሉ በምርቃት አብረው ሄዱ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ማጫወቻ ዓይኔ እያየ የሐጂ ሆነ። ሸክላዎቹንም ሐጂ ሣጥኑ ላይ እንደ ድንች ሲቆጥሯቸው አየሁ። እጄን ላነሣ ፊት አልነበረኝም። ደግነቱ ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም፤ ሐጂ ማጫወቻውን አቧራውን አራግፈው ጠረጴዛ ላይ አኖሩትና እንስማው እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ አሉ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሐጂ ሱቃቸው ልከው ጄኔሬተራቸውን አስመጡ። ጩኸቱ ዘፈኑን እንዳይውጠው ከወጥ ቤቱ ጀርባ አቁመን ረጅም ገመድ ዘረጋን። ማጫወቻው መሽከርከር ጀመረ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ክንዱን ሳነሣው ግን መርፌው ተሰብሯል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሕይወቴን ሙሉ የተሳቀብኝ ነገር ዋጋ ያገኘው። እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት በሩጫ ወጣሁት፤ በመንገዱ ጭቃ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ስመለስ አንድ ጫማዬ የለም፣ መርፌዋ ግን ጡጫዬ ውስጥ ነች። ምሕረት ስታየኝ ስለ በሬና ስለ ጅራፍ ምንም አላለችም።

ሸክላውን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ተንጫጫ። ከዚያ አኮርዲዮን መጣ፤ ፈጣን፣ ጨዋታ የወደደ፣ ወጣት አኮርዲዮን። አባባ አዴሎን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ከፎቶው ተነሥቼ ቀጭን ድምፅ ነበር የጠበቅሁት። ወፈር ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ሰውን ከፊቱ አስቀምጦ የሚያባብል ድምፅ ነው። ዘፈኑ በካፊኖኖ ነው፤ እኔ በካፊኖኖ ከገበያ ቋንቋ የዘለለ አላውቅም፤ ግን ቆዳዬ ተረዳው። ከሕዝቡ መሃል ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ሲስተር ምሕረት ናት እኮ» ስትል ሰማሁ። «ግፊ ስትለኝ ልክ እንዲህ ነበር ድምጿ።» ምሕረትም ሰማቻት። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች።

ዘፈኑ መሃል ላይ ድምፁና አኮርዲዮኑ ለአንድ አፍታ ተለያዩ፤ ከዚያ ተያይዘው ቀጠሉ። ሌላው ሰው ልብ አላለውም። አባባ አዴሎ ግን እጃቸውን አነሡ።

«እንደገና» አሉ።

ደገምኩት። አሁንም እዚያው ጋ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ያ በቀን አሥር ቃል የሚናገር ሽማግሌ ቁጭ ብሎ አወራ። አዲስ አበባ ሄደው ሲቀርጹ የተፈቀደላቸው አንድ ጊዜ ብቻ መጫወት ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተሳሳቱ። ከስቱዲዮው ሲወጡ እሳቸው ዘግይተሽ ገባሽ አሏት፤ እሷ የለም አንተ ፈጠንክ አለች። አውቶቡስ ውስጥ ተከራከሩ፤ ጂማ ላይ ምሳ ሳይበሉ ተከራከሩ፤ ቦንጋ ደርሰው ተጋብተውም ተከራከሩ። የራሳቸው ቅጂ በሠርጋቸው ሰሞን ተሰበረ፤ ዳኛ አልነበረም። እሷ እስከ ዐረፈችበት ሳምንት ድረስ ፈጥነሃል እንዳለቻቸው ነው፤ እሳቸውም እስካሁን ዘግይታለች እንዳሉ።

ሦስተኛውን ሲሰሙ ጆሯቸውን ማጫወቻው ላይ ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ቦታው ደረሰ፣ አለፈ። አባባ አዴሎ ቀስ ብለው ቀና አሉ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀው፤ ከዚያ ፊታቸው፤ ከዚያ ድምፃቸው። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ምሕረትም አይታ እንደማታውቅ በኋላ ነገረችኝ። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና ደረታቸው ላይ አድርገው ለሚሽከረከረው ሸክላ ተናገሩ።

«አለሚቱ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ። እኔ ነኝ የፈጠንኩት።»

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጫወተ አልቆጠርኩም። ሐጂ ለጄኔሬተሩ ሌላ ቤንዚን አስመጡ። አጫራቹ ልማዱን ይዞ እልል አስባለ። ወይዘሮ ሠናይት ቦቲያቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው እስክስታ ሞከሩ፤ ምሕረት በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው አጨበጨበችላቸው። አባባ አዴሎ ግን ከጠረጴዛው አልራቁም። አጠገባቸው ሰው በመጣ ቁጥር፣ ሐጂም ይሁኑ ባጃጅ ሹፌሩ፣ ክንዱን ይዘው ያስቆሙታል። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣታቸውን ያነሡና «ሰማህ? እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይሉታል። ዕድሜ ልኩን የተሟገተበትን ነገር ተረትቶ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።